በሃምሳው የተጾመ ጾም

ቁይ ከተማ ዳር፣ ወደ ሥላሴ በሚወጣው መንገድ ላይ ባለች ቤት ውስጥ፣ ከበሩ በስተግራ በተመታ ምስማር ላይ አንዲት ሰማያዊ ጣሳ ተንጠልጥላ ትኖር ነበር። የቤቱ ባለቤት ደብሪቱ ናት፤ ሰፌድና አገልግል፣ ሌማትና ሙዳይ እየሰፋች ቅዳሜ ገበያ የምታወጣ፣ አምሳ አራት ዓመት የሞላት ሴት። በዚያች ጣሳ ከእሷ በቀር ማንም አይጠጣም። ወር በገባ በሰባተኛው ቀን፣ የሥላሴ ማኅበር በሚጠጣበት ዕለት፣ ጣሳዋን አጥባ በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥርና ይዛት ትሄዳለች።

ማኅበርተኞቹ አሥራ ሁለት ናቸው፤ ጽዋቸው ግን አንድ ነው። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ጽዋውን ከባረኩ በኋላ ጠላው ከእጅ ወደ እጅ፣ ከከንፈር ወደ ከንፈር እየተላለፈ ቤቱን ይዞራል። ደብሪቱ ዘንድ ሲደርስ ያልፋታል። እንዲያልፋት ያደረገችውም ራሷ ናት። አንገቷን ሰበር አድርጋ ጣሳዋን ትዘረጋለች፤ ከማድጋው ይቀዳላታል።

«እኔ የምለው፣» ይላሉ አቶ ደምለው፣ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃው፣ «ይቺ ጣሳ አንድም ወር ቀርታ አታውቅም። ከአንዳንዶቻችሁ ትሻላለች። ለምን ማኅበርተኛ አናደርጋትም? ተራ ይውጣላትና ትደግስልን!»

ሰው ይስቃል፤ ደብሪቱም አብራ ትስቃለች። ከሳቁ በኋላ ግን ዓይኗ ጽዋው ላይ ይቀራል፤ ይልቁንም ጽዋው ሳይሆን ክዳኑ ላይ። ያ ክዳን በእናቷ እጅ የተሰፋ ነው።

እናቷ ወይዘሮ ዘቢደር በሰፈሩ የታወቁ ሰፊ ነበሩ። ጠዋት ፀሐይ ደጃፉን ስትነካ ምንጣፋቸውን አንጥፈው፣ የራሰውን ሣር በከንፈራቸው ይዘው፣ በወስፌ እየወጉ ሲሰፉ ይውሉ ነበር። ከንፈራቸው ሣር ይዞ ስለሚውል በአፍንጫቸው ብቻ ያንጎራጉራሉ። ደብሪቱ ዛሬም ሣር በውኃ ስታርስ የሚነሣው ሽታ ያን ደጃፍ፣ ያን እንጉርጉሮ ይዞባት ይመጣል። ሌላው ሰው የእናቱን ፎቶ ያያል፤ የደብሪቱ እናት ፎቶ አልተነሡም።

እሷ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ወይዘሮ ዘቢደርን ሳል ያዛቸው። በዚያ ጊዜ ሰው የበሽታውን ስም በአፉ አይጠራውም፤ «ክፉ ሳል» ብሎ ያልፈው ነበር። ወደ ጓዳ ገቡ። ዋንጫቸው ተለየ። ማኅበሩ ከመታመማቸው በፊት አዲስ የጽዋ ክዳን አዟቸው ነበርና ጀምረውት የነበረውን ጓዳ ሆነው ጨረሱት። ክዳኑን ላየው ሰው ያስታውቃል፤ መሐሉ እንደ ድንጋይ የጠበቀ ነው፤ ወደ ጠርዙ ሲሄድ ግን ስፌቱ እየላላ ይመጣል። ጣታቸው ሣሩን ለመሳብ አቅም ያጣበትን ቦታ በእጅ ዳስሶ ማግኘት ይቻላል።

ወስዳ ያስረከበችው ደብሪቱ ናት። ተቀባዮቹ በሁለት ጣት ይዘው አጥር ላይ ሰቀሉት፤ ሰባት ቀን ፀሐይ ከመታው በኋላ ጽዋው ላይ አዋሉት። እናትየው ከጓዳ ሆነው፣

«ወደዱት?» ብለው ጠየቁ።

«ወደዱት እማዬ።»

«ተመስገን። ለሐምሌ ሥላሴ ድኜ ሄጄ፣ የከደንኩትን ከፍቼ እጠጣለሁ።»

በሰኔ ዐረፉ።

እንግዲህ የዛሬ ሁለት ዓመት በጥቅምት ደብሪቱን ራሷን ሳል ሲይዛት፣ ሌሊት በላብ ስትነከርና ቀሚሷ ሲሰፋት፣ ለማንም ሳትናገር መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ጣሳዋን ለይታ መስቀል ነበር። ሁለት ሳምንት ጠበል ተጠመቀች። በሦስተኛው ሳምንት የንስሐ አባቷ አባ አካለ ወልድ ከጠበሉ ስትመለስ መንገድ ላይ አገኟት። ስትስል ቆመው ሰሟት።

«ወለተ ሥላሴ፣» አሉ በክርስትና ስሟ፣ «ነገ ሐኪም ቤት ትሄጃለሽ።»

«አባቴ፣ ጠበሉን ሳልጨርስ?»

«ጠበሉን ይዘሽ ሂጂ፤ መድኃኒቱን በእሱ ትውጪበታለሽ። ሁለቱም የአንድ አምላክ ነው።»

ወደ ሉማሜ በሚኒባስ፣ ከሉማሜ ወደ ደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ ሄደች። አክታዋ ተመረመረ፤ ራጅ ተነሣች። የሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለ። ደብሪቱ ስሙን ስትሰማ አላለቀሰችም። የእናቷ በሽታ ስም እንደነበረው፣ መድኃኒትም እንዳለው ያን ቀን ሰማች። ስድስት ወር ብቻ። እናቷ ያን ያህል ጊዜ ጓዳ ተኝተው ነበር።

ለጥናት ደም የሚወስደው ባለሙያ ያገኛት እዚያው ነው። አንተነህ ይባላል፤ ነጭ ጋዋኑ ትከሻው ላይ የሚሰፋው፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው። ከሳንባ ነቀርሳ የሚድኑ ሰዎች ደም ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች እንዴት እንደሚለዋወጡ የሚያጠና ቡድን ውስጥ ይሠራል። ፈቃዷ ከሆነ ሦስት ጊዜ ደም ትሰጣለች፤ አሁን፣ መድኃኒቱን ስትጨርስና ከዚያ አንድ ዓመት ቆይታ።

«ሳሉ ያለው ደረቴ ውስጥ፤ አንተ ደሜን ምን ታደርገዋለህ ልጄ?»

«ደረትዎ የሆነውን ደምዎ ያወራል፣ እትዬ። ደም ውስጥ ፕሮቲን የሚባል አለ።»

«እንቁላል ውስጥ አለ የሚሉት?»

«እሱው ነው። በሁለት ወገን ይዩት። አንደኛው አልቡሚን ይባላል፤ ሰውነትን የሚያቆም ነው፤ ሰው ሲታመም ይወርዳል፣ ሲድን ይመለሳል። ሌላው ወገን ከበሽታ ጋር የሚዋጋው ነው፤ እሱ ደግሞ በሽታ ሲገባ ይበዛል፤ ከዳኑም በኋላ ቶሎ አይቀንስም።»

ደብሪቱ ጥቂት አሰበች። «እንደ ሰፌድ በለኛ። ውስጡን የሚሞላው ሣር አለ፤ ላዩን አጥብቆ የሚይዘው አለላ አለ። ውስጡ ሲሳሳ አለላው ይበዛበታል።»

አንተነህ መርፌውን እንደያዘ ሳቀ። «እኔ ይህን ለመረዳት ስንት ዓመት ተማርኩ መሰለዎት!»

መድኃኒቱን ቁይ ጤና ጣቢያ እየሄደች በየጠዋቱ ዋጠች። «በደንብ ብዪ፤ ወተትና እንቁላል ይኑርሽ» ብለዋታል። ይህ በኅዳር ነው። ጾመ ነቢያት ገባ፤ ገና ወጥቶ ጥቂት እንደቆየ ሁዳዴ ደረሰ። ደብሪቱ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ሁዳዴን ሳትጾም ውላ አታውቅም። አባ አካለ ወልድ ዘንድ ሄዳ ደጃፋቸው ላይ ተቀመጠች።

«ምን ልሁን አባቴ?»

«የታመመ ሰው ጾም የለበትም። ፈትቼሻለሁ። ጠጪ።»

ጎረቤቷና ማኅበርተኛዋ ዘመናይ ላም አላት። በዓቢይ ጾም ጠዋት ጠዋት ወተት በነጠላዋ ሸፍና ታመጣላት ነበር፤ ሰው እንዳያይባት በሩን ገርበብ ያደርጉታል። የመጀመሪያው ቀን ደብሪቱ ጣሳዋን ከንፈሯ አድርሳ እንባዋ መጣ።

«አንቺ!» አለች ዘመናይ። «እውስጡ አታልቅሺበት፤ ይቀጥናል። ኋላ ዘመናይ ውኃ ጨምራ ሰጠች ይሉኛል!»

ደብሪቱ እየሳቀች እያለቀሰች ጠጣች።

ግንቦት ሲገባ መድኃኒቱ አለቀ። ሳሉ ጠፍቷል፤ አክታዋ ንጹሕ ሆኗል። ቀሚሷ ልኳ ሆኖ ደብረ ማርቆስ ስትገባ አንተነህ ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበላት። ሁለተኛውን ደም ሰጠች፤ ውጤቱንም ነገራት። የወደቀው አልቡሚን ተነሥቷል። የሚዋጋው ወገን ግን ገና ከፍ እንዳለ ነው። «እሱ እስኪወርድ ጊዜ ይወስዳል። የዛሬ ዓመት መጥተው እናየዋለን፤» አላት። ድነዋል ብሎም ነገራት።

ደብሪቱ ከነገራት ሁሉ ልቧ ይዞ የሄደው ግን «ገና ከፍ እንዳለ ነው» የምትለዋን ነበር። ደሜ ውስጥ የቀረ ነገር አለ ማለት ነው ብላ አሰበች። ሉማሜ ላይ ሚኒባስ ስትጠብቅ ከራሷ ጋር ተማከረች። ሦስተኛው ደም ሳይመሰክርላት ጽዋውን በከንፈሯ አትነካም። ከማኅበርተኞቹ አንዱ ቢታመም ሥላሴን በምን ፊቷ ታያለች? ለማንም አልተናገረችም። ጣሳዋ ምስማሯ ላይ ቀረች። ጽዋውን ወደ ቤቷ ወስዳ በወሩ የመደገስ ተራዋ ሲደርስም ለሌላ ሰው ለቀቀች፤ «ለሚመጣው ዓመት ለሐምሌ ሥላሴ ያድርሰኝ» ብላ ብቻ አለፈችው።

ዓመቱ ደግ ዓመት ነበር። ሰፌዷን መጀመሪያ ያልገዟት ሴቶች ቀስ በቀስ ተመለሱ። ሁዳዴም መጣ፤ ደብሪቱ በደስታ ጾመችው። ስግደቱን እንደ ልቧ ስትሰግድ ደረቷ አልታፈነም፤ ከሰሙነ ሕማማቱ ሥርዓት አንዱም አላመለጣት። የፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ብርሃን የሞላበት ልብ ይዛ ነበር የመጣችው።

ነገሩ የጀመረው የዚያን ዕለት ገበታ ላይ ነው። ዘመናይ ዶሮ ይዛ መጥታ፣ አብረው ሊፈስኩ ተቀምጠው፣ ደብሪቱ የመጀመሪያውን ጉርሻ ስታነሣ ያለፈው ዓመት ትዝ አላት። አምና ይህን ጊዜ ፋሲካ ለሌላው ሰው ነበር እንጂ ለእሷ ምን ነበር? ሁዳዴውን በሙሉ ወተት ስትጠጣ ከርማ ምኑን ትፈስካለች? ድኛለሁ አለች በልቧ፤ ሥላሴ ሰጥተውኛል፤ እኔ ግን የአምናውን ሁዳዴ አልሰጠሁም።

ጉርሻውን ጎረሰች፤ ዘመናይ እንዳትጠረጥር። በማግስቱ ሰኞ ግን ጾም ጀመረች።

ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው ሃምሳ ቀን በዓለ ሃምሳ ነው። በዚያ ጊዜ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ ስግደትም የለም፤ የደስታ ወራት ነው። ደብሪቱ ይህን ሳታውቀው ቀርታ አይደለም። ያለፈውን ሁዳዴ የምትሰጥበት ሌላ ባዶ ጊዜ አጥታ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም፤ ከዚያም በኋላ በቁራሽ እንጀራ ላይ ሽሮ፣ ወይም አንድ እፍኝ ቆሎ። ዘመናይ ወተት ስታመጣ ተቀብላ፣ «ኋላ እጠጣዋለሁ» ትላትና ስትሄድ ለድመቷ ትሰጠዋለች። ድመቷ እንደዚያ ግንቦት ወፍራ አታውቅም።

ነገሩ ምስጢር ስለነበር ደግሞ ጣፈጣት። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ሣሩን በከንፈሯ ይዛ ስትሰፋ እንደ እናቷ ታንጎራጉራለች። ቀሚሷ መስፋት መጀመሩን አላየችውም፤ ወይም አይታ ከጾሙ በረከት ቆጠረችው።

ግንቦት በገባ በአሥረኛው ቀን ሦስተኛውን ደም ልትሰጥ ደብረ ማርቆስ ሄደች። አንተነህ ሚዛን ላይ አቆማት። ወረቀቱን አየ። ይውረዱ ብሎ መልሶ አቆማት።

«እትዬ፣ ካምናው አራት ኪሎ ቀንሰዋል።»

«ሚዛንህ አርጅቶ ይሆናል፣ እንደኔ።»

አልሳቀም። ደሟን ወሰደ። ከሳምንት በኋላ ስልክ ደወለ። ደብሪቱ ገበያ መሐል ነበረች፤ ጆሮዋን በመዳፏ ጋርዳ ሰማችው። አልቡሚኑ ወርዷል። መመለስ አለባት፤ አክታ ይመረመራል፤ ራጅም ትነሣለች። «አይደንግጡ» አላት፤ ድምፁ ግን ራሱ የደነገጠ ሰው ድምፅ ነበር።

በማግስቱ ሚኒባሱ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። ማሳው ታርሶ ዝናብ ይጠብቃል። እናቷ በሰኔ ነበር የሞቱት፤ እንዲህ መሬቱ ሊረጥብ ጥቂት ሲቀረው። ሬሳው ሲወጣ ጓዳው ውስጥ የራሰ ሣር ተርፎ ነበር፤ ያልተሰፋ፣ ገና በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ። ደብሪቱ ወስዳ ደብቃው፣ ደርቆ እስኪሰባበር ድረስ እያሸተተችው ኖራለች። እንግዲህ የእኔም በሐምሌ ሥላሴ ዋዜማ ሊሆን ነው አለች በልቧ። ሥላሴ ሆይ፣ ጽዋውን ከእማዬ ቀጥሎ እኔንም ልትነሡኝ ነው? ብላም አሰበችና ወዲያው ደንግጣ አማተበች።

ሉማሜ ላይ አውቶቡሱ ስለዘገየ ሻይ ቤት ገባች። ከቦርሳዋ ጣሳዋን አውጥታ ዘረጋች።

«በዚህ ቅጂልኝ የኔ ልጅ።»

«እትዬ፣ ብርጭቆ እኮ አለን፤ ያውም የታጠበ።»

«ግድ የለም። በዚህ ነው የለመድኩት።»

አክታዋ ሁለት ጊዜ ታየ፤ ንጹሕ ነው። ራጁም ታየ፤ ሳንባዋ ላይ ያለው አሮጌው ጠባሳ ብቻ ነው፤ እንደ አምናው። አንተነህ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ ግንባሩን አሻሸ።

«ያስልዎታል?»

«አያስለኝም።»

«ሌሊት ላብ?»

«የለም።»

«እግርዎ ያብጣል? ሽንትዎ አረፋ ይበዛዋል?»

«ኧረ ደኅና ነኝ ልጄ።»

«እንግዲያው አልቡሚኑ የት ሄደ? ትናንት ምን በሉ?»

«ሽሮ።»

«ከትናንት ወዲያ?»

«ሽሮ… ቆሎም።»

«ወተት? እንቁላል? ጎረቤትዎ ላም አላት ብለውኝ ነበር።»

ደብሪቱ የነጠላዋን ጥለት ማፍተልተል ጀመረች። አንተነህ ብዕሩን አስቀመጠ። በሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ነውና ዝምታዋ ወዴት እንደሚያመራ ቀስ ብሎ ገባው።

«እትዬ ደብሪቱ። እየጾሙ ነው እንዳይሉኝ። በዓለ ሃምሳ ነው እኮ!»

«ያምናው ነው፤» አለች። «የዘንድሮውን ጾሜዋለሁ። ይህ ያምናው ነው። መድኃኒቱን ስውጥ የበላሁት። ሳልጾም እኮ ነው የዳንኩት፣ ልጄ። ዝም ብዬ ተቀብዬ እንዴት እቀመጣለሁ?»

አንተነህ መጀመሪያ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ቀጥሎ በረጅሙ ተነፈሰ፤ ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ሳቀ። ሳቁ የንቀት አልነበረም፤ ሳምንቱን ሙሉ ትከሻው ላይ የነበረ ሸክም የወረደለት ሰው ሳቅ ነበር።

«እኔ እኮ ጉበት አሰብኩ፣ ኩላሊት አሰብኩ፣ በሽታው ተመለሰ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። እዚህ ቅጽ ላይ ሲጋራ ያጨሳል ወይ የሚል ቦታ አለ፤ ስኳር አለበት ወይ የሚል አለ። በሃምሳው ይጾማል ወይ የሚል ግን ማንም አላሰበውም!»

ደብሪቱ ቀና አለች። «እና ያኛውስ? ገና ከፍ እንዳለ ነው ያልከኝ?»

«የሚዋጋው ወገን? ወርዷል። ጨርሶ ግን አልወረደም።»

«ይኸዋ!»

«ምኑ ይኸዋ?»

ያን ጊዜ ነገረችው፤ ስለ ጽዋው፣ ስለ ጣሳዋ፣ ይህን ደም ስትጠብቅ ስለመክረሟ። አንተነህ ሳያቋርጣት ሰማ። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፤» አለ። «በደንብ አላስረዳሁዎትም። ይህ በሽታ አይደለም፣ እትዬ። በሽታውን የተዋጋው ነው። ጠላቱ ከሄደም በኋላ ትጥቁን ቶሎ የማይፈታ አለ፤ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ በደንብ ስለማናውቅ ነው ይህን ሁሉ ደም የምንሰበስበው። ወደ ሰው አይሄድም። ጽዋውን ካምና ግንቦት ጀምሮ መጠጣት ይችሉ ነበር።»

አሥራ ሁለት ወር ሙሉ አጠገቧ ያለፈው ጽዋ በደብሪቱ ዓይን ዞረ።

«አሁንም እችላለሁ?»

«ይችላሉ። እኔ ግን ያ አልቡሚን ተመልሶ ሳላይ ዕረፍት የለኝም። መንሥኤው ጾሙ ብቻ መሆኑን እሱ ነው የሚያረጋግጥልኝ። በሰኔ መጨረሻ ይመለሱ። ጾሙን በተመለከተ ወደ ንስሐ አባትዎ ይሂዱ፤ እኔ የማየው ደም ብቻ ነው።»

አባ አካለ ወልድ ከቤታቸው ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዳዊታቸውን ይደግሙ ነበር። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙና መጽሐፉን አጠፉ።

«በሃምሳው?»

«በሃምሳው አባቴ።»

«ጌታ በተነሣበት፣ መስገድ እንኳ በተከለከለበት?»

«ይፍቱኝ።»

«ፈትቼሽ ነበር እኮ! አምና በዚህች ደጃፍ ፈትቼሽ ነበር። እኔ የፈታሁትን ማን አሰረው? አንቺ ነሽ?» ጠንከር ብለው ጀምረው ድምፃቸው መሐል ላይ ለሰለሰ። «ወለተ ሥላሴ፣ ያንን ወተት የሰጠሽ ማን ይመስልሻል? ዘመናይ? የተሰጠሽን አልቀበልም ብለሽ ለድመት ሰጠሽው።»

ደብሪቱ አንገቷን ደፋች።

«ቀኖና እሰጥሻለሁ፤» አሉ አባ። ደብሪቱ ስግደት ጠበቀች፤ ጾም ጠበቀች። «ጠዋት አንድ ኩባያ፣ ማታ አንድ ኩባያ ወተት። እንቁላልም ጨምሪበት። የሰኔ ጾም ሲገባም ሐኪሙ በቃ እስኪልሽ እንዳትጀምሪ። በስመ ሥላሴ ብለሽ ነው የምትጠጪው። ማልቀስ የለም።»

ዘመናይ ነገሩን ስትሰማ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«እኔ እኮ ድመቷ ምን ሆና ነው እንዲህ ያማረባት እላለሁ! አንቺ ከስተሽ እሷ መሶብ አክላ!» አለችና ከዚያን ቀን ጀምሮ ደብሪቱ ጣሳዋን እስክትጨርስ ድረስ ከፊቷ ላትንቀሳቀስ ማለች። መማል ብቻ ሳይሆን በየጠዋቱ እየመጣች ተቀመጠች። ዝናብ በጀመረ ጊዜም ጆንያ ራሷ ላይ ደፍታ መጣች።

በሰኔው የሥላሴ ማኅበር ደብሪቱ አልቡሚኑ እስኪመለስ ብላ እንደ ልማዷ ጣሳዋን ዘረጋች። በሰኔ መጨረሻ አራተኛ ጊዜ ደም ሰጠች። ሐምሌ ሥላሴ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ስልኳ ጮኸ። ጓዳ ውስጥ ነበረች፤ ጽዋውን ተቀብላ በነሐሴ ለምትደግሰው ጠላ ጌሾና ብቅል ገዝታ ብታስቀምጥም የደሟን ውጤት ሳትሰማ ልትነካው አልደፈረችም።

«እትዬ ደብሪቱ፣» አለ አንተነህ፣ «ተመልሷል። ካምናውም ይበልጣል።»

«ሥላሴ ይስጡልኝ፤» አለች። ስልኩ ሲዘጋ ጓዳው ውስጥ ወደ ምሥራቅ ዞራ ቆመች፤ ለእናቷም ነፍስ አቡነ ዘበሰማያት ደገመች።

በዓሉ ዝናብ ይዞ ዋለ። ማኅበርተኞቹ በወሩ ባለ ተራ በአቶ ደምለው ቤት ተሰብስበዋል፤ ውጪው ጭቃ፣ ውስጡ የእርጥብ ነጠላ ሽታ ነው። ደብሪቱ ገብታ ስትቀመጥ አቶ ደምለው እጇን አዩ፤ ነጠላዋን አዩ።

«ጣሳይቱስ? አሟታል እንዴ?»

«ቤት ናት፤ ወተት ይዛለች።»

«እንግዲህ እኛን ትታ ለወተት ካደረች ከማኅበር ይሰረዝላት!»

አባ አካለ ወልድ ጸሎቱን አድርሰው ክዳኑን አነሡ፤ ለደብሪቱም በእጇ ሰጧት። ቀጣዩ ተራ የእሷ ነውና ጽዋውን ከነክዳኑ ወደ ቤቷ የምትወስደው እሷ ናት። ክዳኑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በጣቷ ዳበሰችው፤ ጥብቁን መሐል፣ ከዚያ ወደ ጠርዙ የላላውን፣ እናቷ ትንፋሽ እያጠራቸው የሳቡትን ሣር። ከአርባ ዓመት በላይ የቤቱ ጢስ አጥቁሮታል፤ አልተፈታም።

ጽዋው ከወዲያኛው ጫፍ ጀምሮ ዞረ። ከእጅ ወደ እጅ መጣ። አጠገቧ የነበረችው ዘመናይ ጠጥታ ልማድ ሆኖባት ወዲያ ልታሳልፈው እጇን ዘረጋችና መሐል ላይ ቀረች። ደብሪቱ ሁለት እጇን ዘርግታ ነበር።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ብቻ ይሰማል። ደብሪቱ ጽዋውን ተቀበለች፤ አማተበች። ወዲያው ግን አልጠጣችም። ፊታቸውን በየተራ አየች፤ ማንም ዓይኑን አላሸሸባትም።

«ኧረ ቶሎ በይ እንጂ!» አሉ አቶ ደምለው ከጎኗ። «ከአንቺ ቀጥሎ እኔ አለሁ፤ ጠምቶኛል።»

ደብሪቱ ጠጣች። አንድ ጊዜ ለራሷ፣ አንድ ጊዜ ለእናቷ። አቶ ደምለው ጽዋውን ከእጇ ተቀበሉ፤ ሳይጠርጉት፣ ሳያዞሩት፣ ከንፈሯ በነካበት በኩል አንሥተው ጠጡና ጢማቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠርገው ወዲያኛው አሳለፉት።

ሲመሽ ዝናቡ አባራ። ጽዋውን ራሷ ላይ አድርጋ፣ ዘመናይ ክንዷን ይዛት፣ ማኅበርተኞቹ እየዘመሩ በጭቃው መንገድ ወደ ቤቷ ሸኟት። በሩን ስትከፍት በስተግራ ያለው ምስማር ባዶውን ነበር፤ ክዳኑን እዚያ ላይ ልትሰቅለው ትንሽ አሰበችና ተወችው። ቦታው ጽዋው ላይ ነው። ከደነችውና ሻማ አበራችለት።